የነፃ አውጪው ጭንቀት

ዛሬ ከደባርቅ የተነሳሁት ባሕር ተሻግሮ ለሰው አገር ዴሞክራሲ አድርሶ ከተመለሰ ጀግና ጋር ነው። አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ እሱ ጡረታ የወጣ የውጭ አገር ወታደር፣ አሁን ቱሪስት።

በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወደ አምባራስ መንደር በእግር ስንሄድ "ጦራችን ገብቶ ነፃ አወጣቸው" አለኝ።

"አሁንስ እንዴት ናቸው?"

"ምርጫ አድርገው ነበር።"

"ነበር" የምትለዋን ወደድኳት።

ትንሽ ቆይቶ ጠመንጃ አንግተው አብረውን የሚሄዱትን የፓርኩን ጠባቂ (ስካውት) ጋሽ ደሴን አየና "ጠመንጃው ያስጨንቀኛል፤ ከኋላችን ይሁኑ" አለኝ። ይህንንም፣ የነፃ ማውጣቱንም ወሬ ነገርኳቸው።

"እሽ፣ ከኋላ እሆንለታለሁ" አሉ ጋሽ ደሴ። "እነዚያን ነፃ ያወጣቸውንስ 'በየት በኩል እንሁንላችሁ?' ብሏቸው ነበር?"

እንዳለ ተረጎምኩለት። እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

እናንተንስ ሳትጠሩት መጥቶ ነፃ ያወጣችሁ አለ? እስኪ አውሩን፤ አሁን እንዴት ናችሁ?