በሙሉ ድምፅ

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የመረጡኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው፤ እኔም ሞኝ ነኝና ኮራሁበት። ቅዳሜ ከሰዓት ሊቀመንበሩ ይጠራኝና የእሑዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስጽፈኛል። ገና ያልተደረገውን ስብሰባ ማለቴ ነው። ባዶ የምተወው የተሰብሳቢውን ቁጥር ብቻ ነበር። መጨረሻው ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል።

አባቴ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። በአንድ የስፌት መኪና ጀምሮ አራት አድርሷል፤ ሦስት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሴቶች ቀጥሮ የተማሪ ዩኒፎርም ያሰፋል። አምስተኛ መኪና ለመግዛትም ያስብ ነበር። ጎረቤቶቻችን በክፉ ዓይን ያዩን ጀመር። እኛ ሥጋ ስንበላ እነሱ ሽሮም ያጡ ነበርና አልፈርድባቸውም።

አንድ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ «የግል ልብስ ሰፊዎች መኪኖች ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንዲተላለፉ» እያለ ያስጽፈኝ ጀመር። እጄ ቀጥ አለ።

«ምነው? ቀለም አለቀብሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

ጻፍኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ዝም እንደማይል አውቃለሁ፤ ዝም ባለማለቱ ተወስዶ የቀረ ጎረቤት ነበረን።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝማ። «የሚደግፍ?» ሲባል እጅ ሁሉ ተነሣ፤ የአባቴ ሦስት ሠራተኞችም አነሡ። «የሚቃወም?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። አባቴ ከኋላ አግዳሚ ላይ እጁን አነሣ። አጠገቡ ያሉት ሁሉ አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ።

«ጓድ፣ ውሳኔውን አንብቢ።»

ተነሣሁ። እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ አንድ ቃል መሰረዝ እችል ነበር። የአባቴ እጅ አሁንም አልወረደም። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ አነበብኩ፤ ተጨበጨበ።

መኪኖቹ ወደ ማኅበሩ ሄዱ። ዘይት የሚያጠጣቸው እንኳን አልተገኘም። ከመኪኖቹ ጋር የሄዱት ሦስቱ ሴቶች ጨርቅ የለም እየተባሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይውላሉ፤ የመጣው ጨርቅ ሊቀመንበሩ ቤት ይገባል። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጆች ባጠረ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት ሄዱ። እኩል ሆናችኋል ተባልን። እውነት ነው፣ ከአንድ ቤት በቀር ሁላችንም እኩል አጣን።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ያ እሑድ ነው። ከስብሰባው ስንመለስ አባቴ ድልድዩ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ እጄን አይተሽው ነበር?»

ዓይኑን ማየት አቃተኝ። «አላየሁም፣ አባዬ» አልኩት።

«እሰይ» አለ፣ ትንሽ ተንፍሶ። «እንግዲያው እነሱም አላዩት ይሆናል።»

አይተውት ኖሯል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉት፣ በትሕትና። ኮቱን ደርቦ አብሯቸው ወጣ። አልተመለሰም።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ጠራኝ። ፈራሁ፤ ሄድኩ። የእሑዱን ቃለ ጉባኤ ጽፌ የተሰብሳቢውን ቁጥር ባዶ ተውኩት። በአንድ ሰው እንደሚቀንስ አውቅ ነበር።