ሙሽራውን ያስለቀሰው ጉልበቴ

የእህቴ ልጅ ሰርግ ዕለት ጉልበቴ አላስቆም ቢለኝ፣ አራት የቻይና የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ደራርቤ ለጠፍኩበትና ሱሪዬን ለብሼ ቃሊቲ ድንኳኑ ውስጥ ተሰየምኩ። ሽታው፣ አልዋሻችሁም፣ ሳሪስ ያለን ሰው የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል።

አጠገቤ እህቴ ኩርፍ ብላለች። «ልጄን ለድንጋይ ሰጠኋት! ይሄ ሰውዬ አንጀት የለውም፤ አልመርቅም!» ትለኛለች።

ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ መጡ። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ የእኔን እንደሳመ ዓይኑ ቀላ፤ እንባው የአቃቂን ወንዝ አስንቆ ወረደ። እግሬን የት ልደብቀው?

እህቴ ግን ብድግ አለች። «ውይ የኔ ልጅ! ለካ ሆደ ቡቡ ነህ!» ብላ እያለቀሰች ምርቃቱን ታወርደው ጀመር።

እኔም በሐፍረት እግሬን ልሰበስብ ስል ሙሽራው ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ጋሼ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ጉልበትዎን አያሽሹብኝ፤ ምርቃቱ ገና አላለቀም።»