ወደ ጅዳ የሚላከው ፎቶ

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ውስጥ ሁለት ስም ነበረኝ፤ አንዱ ሰዓዳ፣ ሌላው «ቀጥ በይ»። የምጠራው ግን በሁለተኛው ነበር ማለት ይቻላል። አክስቴ ዘይነባ ከደጃፍ፣ አስተማሪው ከሰልፍ፣ ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ፣ ሁሉም ቀጥ በይ ይለኛል። ቀጥ ብያለሁ እኮ! ከዚያ በላይ የምቃናበት ጀርባ አልነበረኝም። ቀኝ ትከሻዬ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወገቤ ወደ ግራ ሸሽቶ፣ ከጎን ሲያዩኝ ትንሽ ጉብታ ነበረኝ። ሰው ሁሉ ግን የስንፍና አመል አድርጎ ቆጠረው።

መድኃኒቱ ደግሞ አያልቅም። ጎረቤታችን የደብተር ቦርሳዬን በቀኝ ትከሻዬ ብቻ እንዳነግት አዘዘች፤ ከፍ ያለውን ወደ ታች ይጎትተዋል ብላ። አክስቴ በበኩሏ ጀሪካን በራስ መሸከም ጀርባ እንደሚያቃና ወሰነች። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ፣ ጉልበቱን ወገቤ ላይ ተክሎ ሲጎትተኝ ጩኸቴ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ስነሳ ያው እንደነበርኩ ነኝ። ቁርኣን ቤት የምንጽፍበትን የእንጨት ሉሃችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ የጥላሸቱ ቀለም እየሸተተን፣ እየተወዛወዝን ስንቀራ አከርካሪዬን ይቆረጥመኝ ነበር። ለአክስቴ ነገርኳት። ልጅ ምን ወገብ አለውና ያመዋል ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ የሄደችው እኔን ለማሳደግ ነው፤ አክስቴም የያዘችኝ በአደራ ነው። ስለዚህ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ፎቶ ቤት እንሄዳለን። አክስቴ ከቀሚሴ ሥር፣ ዝቅ ባለው ትከሻዬ ላይ፣ የታጠፈ ፎጣ ትሸጉጣለች፤ ከላይ ሻርፕ ትጥልብኛለች። ፎቶ አንሺው ትንፋሼን እንድይዝ ያዘኛል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ትከሻዋ እኩል የሆነ ልጅ ትወጣለች።

እናቴ ፎቶው ሲደርሳት ደውላ ማሻአላህ፣ እንዴት አማረብሽ ስትለኝ፣ አክስቴ አጠገቤ ቆማ አፍ አፌን ታየኛለች። እናትሽ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ በሰው አገር ታብዳለች፣ በምትልከው ብር የምናሠራው ቤትም ተጀምሮ ይቀራል ትለኝ ነበር። እኔም ያመኛል ልል እጀምርና አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ እላለሁ። ዛሬም ሳስበው ያንጨረጭረኛል። ክፉ ሰው ቢኖር እኮ በሱ እናደድ ነበር፤ ሁሉም በማዘን ነው የደበቀኝ።

አንድ ክረምት እናቴ ለእረፍት መጣች። መናኸሪያ ልንቀበላት ስንወጣም አክስቴ ፎጣውን አልረሳችም። እናቴ አቅፋኝ ስታለቅስ እጇ ትከሻዬ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር አገኘ፤ በአንገቴ በኩል ስባ አወጣችው። ፎጣውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በጣቷ የጀርባዬን አጥንት እየተከተለች እስከ ወገቤ ወረደች። በሻንጣውና በተሳፋሪው መሃል ተንበርክካ ፊቴን ያዘች።

«ያምሻል?» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ ልላት ስል ለቅሶ ቀደመኝ። አክስቴ እየተርበተበተች፣ ልብሽ በሰው አገር እንዳይሰበር ብለን ነው አለቻት።

«ቢሰበር ይሻል ነበር፣ ዘይነባ» አለች እናቴ። «ልብ ይጠገናል። የሷን አጥንት አሁን ማን ያቃናልኛል?»

ደሴ ያየን ሐኪም የአከርካሪዬን መጣመም በራጅ አሳየን። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ፣ ገና እያደገች ሳለ ወገብ ላይ በሚታሰር ድጋፍ መግታት ይቻል ነበር አለ። እናቴ ራጁን ተቀብላ በሻርፗ ጠቀለለችው። ጅዳም አልተመለሰችም። የተጀመረው ቤታችን ሳሎን ሳይኖረው ቀረ።

ዛሬ ደሴ እሠራለሁ፤ ያመኛልም። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ወገቤ ሥር አደርጋለሁ፤ ስተኛ በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አስገባለሁ። እናቴን ለማየት ወደ መካነ ሰላም ስሄድ መንገድ ላይ፣ አቀስታ፣ ከሚኒባሱ ወርጄ እፍታታለሁ። እዚያም ተሳፋሪዎቹ አይተውኝም፤ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው ዋና ያዝልኛል። በአቀስታ ብርድ ዋና! ያመኛል ብሎ መናገር ያኔ የሚሰማ አጥቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሳይሰማ የሚመክር በዝቶበታል።

አሁን የሰፈራችን ልጆች ዓረብ አገር ካሉ እናቶቻቸው ጋር በስልክ ይተያያሉ፤ ሲሮጡም ሲያነክሱም ይታያሉ። ደስ ይለኛል፤ ይቆጨኛልም። የእኔ እናት እነዚያን ዓመታት ሁሉ እያየች የኖረችው ትከሻዋ እኩል የሆነችውን ልጅ ነበር። ያችን ልጅ ናፍቃ መጣች፤ ጅዳ ሳትመለስ የቀረችው ግን ለእኔ ብላ ነው።