የእግር ብረቱ የእንግሊዝኛ ስም

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከምርመራ አውጥተው ወደዚያ ክፍል ያስገቡኝ በዚህ ሰዓት ነበር። መጀመሪያ ያየሁት በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ ባዶ እግር ነው። አንዱ ጥንድ በእግር ብረት ታስሯል፤ ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ከሸሚዝ የተቀደደ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

ባለብረቱ በዕድሜ የገፉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ሁሉም «መምህር» ይሏቸዋል። በክፍሉ ውስጥ እስረኞች በየተራ ያስተምራሉ፤ ደንቡም አንድ ነው፦ የማያውቅ ተነሥቶ ይቆምና «አላውቅም» ይላል እንጂ አይገምትም። እኔ ግን በምርመራው ያንኑ «አላውቅም» ስል ውዬ፣ በዚሁ የተነሣ ውስጥ እግሬ በግርፋት አብጦ ነበር የደረስሁት።

መምህር ሚስታቸው ቆሎ ጠቅልላ የላከችበትን ወረቀት ዘረጉልኝ፤ ከአሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ።

«ዩኒቨርሲቲ ነህ አሉ። ይህችን ታውቃታለህ?»

ጣታቸው «ጃይቭስ» የምትል ቃል ላይ ነበር።

«እግር ብረት ማለት ናት። ዛሬ የሚናገራት የለም።»

«ትርጉሟንማ እግሬም ያውቀዋል! ከየት መጣች? ከላቲን ነው? ከፈረንሳይ?»

ሁሉም ይጠብቁኛል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ።

«አላውቅም» አልሁ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«እዚያም አላውቅም፣ እዚህም አላውቅም!» አለ ከጥግ አንድ ሹፌር። ክፍሉ ሳቀ።

መምህር አልሳቁም። «እዚህ በዚህ የሚመታህ የለም፤ ተቀመጥ። ብቻ ሳላውቃት መሞት አልፈልግም።»

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። የመምህር ስም ተጠራ፤ «ዕቃህን ይዘህ!» ተባሉ። የዚህን ፍቺ የማያውቅ አልነበረም፤ እንዲህ የተጠራ አይመለስም። መምህር ጨርቁን አጥብቀው አሰሩ፤ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ሰጡኝ።

«የቤት ሥራህ ነው። ስትደርስበት ንገረኝ።»

«ቶሎ በል!» አለ ጠባቂው።

«ትምህርት ላይ ነን፣ ልጄ፤ አንድ ጊዜ ታገሠኝ።»

ታገሣቸው።

ወረቀቱ በፍተሻ ተወሰደ፤ የቤት ሥራው ግን ተፈትቼ ስሰደድ ለንደን ድረስ ተከተለኝ። አዲስ መዝገበ ቃላት በወጣ ቁጥር ያችን ቃል እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሃክኒ ሰፈር ወዳለው ቤተ መጻሕፍት የሄድሁት ከአንድ ኤርትራዊ ጡረተኛ ወዳጄ ጋር ነው።

«ቼክ አደረግኻት? ምን ይላል?»

«ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖራለች። ጎረቤቶቻቸው ዌልሶች የምትመስላት ቃል አለቻቸው፤ ማን ከማን እንደ ወሰደ ግን አልተረጋገጠም። ምንጯ አይታወቅም ይላል።»

«ከሰፈራችን ከክላፋም ሁለት ባስ ቀይረን የመጣነው ለዚህ ነው? የቋንቋው ባለቤቶችም እኮ አናውቅም አሉህ!»

መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁና ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ልንሄድ ነው?»

«የለም። ቆሞ መባል ስላለበት ነው» አልሁት። «አላውቅም።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

የቃሏ ምንጭ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መምህርን ወዴት እንደ ወሰዷቸውም አልታወቀም።