እስከ አንገቱ የሞላ ጀሪካን

ያን ዕለት ለሠራሁት ጅልነት ሰበቡ ስስቴ ነው። የቀለም መደብሩ ሻጭ የቫርኒሽ ማቅጠኛውን ቲነር ለክቶ ጀሪካኔን ሊከድን ሲል፣ "ምርቃቱስ?" ብዬ እጁን ያዝኩት።

"አባባ፣ ትንሽ ቦታ ይተዉለት እንጂ፤ ይህ ወተት አይደለም።"

"አንተ ጨምር፤ ስለ ቦታው እኔ አስባለሁ።"

እስከ አንገቱ ሞላልኝ። ነጋዴ ያሸነፍኩ መስሎኝ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እያፏጨሁ ልወጣ ፈለግኩ፤ ትንፋሼ ግን ከመራመድ የተረፈ አልነበረም።

በዚህ ዕድሜዬ አንድ አናጢ ቤት ወንበርና አልጋ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ቲነሩ የራሱ ማስቀመጫ አለው፤ ግቢው ጥግ፣ ጥላ ሥር የቆመ የብረት ቁም ሳጥን። ቁልፉን ግን ቤት፣ በሌላው ሱሪዬ ኪስ ረስቼዋለሁ። ማን ይመለሳል ብዬ ጀሪካኑን የጓሮው ግንብ ላይ አስቀመጥኩት። የጥቅምት ብርድ ነው፤ ለእኔ የጣፈጠኝ ፀሐይ ለእሱም የሚስማማው መስሎኝ ይሆናል።

ከግንቡ ሥር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቆሎ እየቆላች የምትሸጥ ጎረቤታችን ማድቤት አለ። ቀትር ላይ ከዚያ ጩኸቷ መጣ።

"ጋሼ! ምንድን ነው የሚያፈሱብኝ?"

ሮጬ ሳይ ጀሪካኑ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጠዋት ቀዝቅዞ የነበረው ቲነር በፀሐይ ሞቆ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ በክዳኑ ሥር ይንጠባጠባል፤ ግንቡን ተከትሎ ወደ እሷ በር ይወርዳል። እሷ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላ ገብስ ጥዳለች። የቲነር ትነት እንደ ጭስ ወደ ሰማይ አይሄድም፤ ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቁልቁል ይወርዳል። ፍም ካገኘ እሳቱ በመጣበት መንገድ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል።

"ፍሙን አዳፍኚውና ውጪ!" ብዬ ጮህኩ።

"ገና ድሮ አዳፍኜዋለሁ! እንደ እርስዎ አፍንጫዬን ለቫርኒሽ አልሸጥኩም!"

ጀሪካኑን ወደ ጥላው ወሰድኩ፤ የፈሰሰው ላይ አሸዋ ደፋሁበት። ሽታው እስኪጠፋ በሯን ወለል አድርገን ከፍተን ደጅ ተቀመጥን። ማድቤቷ ተርፏል፤ ገብሷ ግን ጥሬም ቆሎም ሳይሆን ቀረ። ከዚያው ዘግና ሰጠችኝ።

"ይብሉ እንግዲህ።"

"በየትኛው ጥርሴ?"

ሳቀች። እኔም ሳቋን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰችልኝ።

"ገብስሽን እተካልሻለሁ" አልኳት።

"ገብስ ሞልቶኛል። ይልቅ አንድ ምጣድ ቁጭ ብለው ይቁሉልኝ። እሳት ፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ ይዩት።"

ቃል ገባሁ። አሁን የቁም ሳጥኑን ቁልፍ እንደ ተማሪ ልጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። በደጇ ባለፍኩ ቁጥር ማማሰያዋን ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች፤ እኔም ወገቤን ይዤ አቃስታለሁ። ምጣዱን ግን እስከ ዛሬ አልቆላሁላትም።