የቅዳሜ ምሰሶዎች

ጂንካ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ደብተር፣ እርሳስና ወንበር ነበር። ወንበሩን ለአናጢዎቹ ተውኩላቸው፤ መቀመጥ አልችልበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተቀጠርኩት የአርማታ መዝጋቢ ሆኜ ነው። የትኛው ምሰሶ በየትኛው ቀን እንደተሞላ እጽፋለሁ። ሕንጻው ባለ ሁለት ፎቅ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር።

ፎርማናችን ጋሽ ታደለ "ጽፈሽ ዝም በይ" አሉኝ። መጻፉን ቻልኩ።

አርማታ የሚነቀንቀው ማሽን፣ ቫይብሬተሩ፣ ተበላሽቶ ስለነበር አርማታውን የምናጠብቀው በፌሮ ዘንግ እየወጋን ነው። ወጊው ዳዊት ከደጋው፣ ከገዘር የመጣ ገበሬ ነው። ደንቡ ክንድ ያህል መሙላት፣ መውጋት፣ እንደገና መሙላት ነው። ካልተወጋ ጠጠሩ ፌሮው ላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ይቀራል።

አንድ ሐሙስ፣ አርማታው የተሞላበት ጣውላ ከተፈታ በኋላ፣ እግሩ በሲሚንቶ የተለሰነ ምሰሶ አየሁ። የላዩ ወለል አርማታ፣ ሶሌታው፣ ሳይሞላ ምሰሶ ምን ልስን አለው? መዶሻ ተውሼ መታሁት። እንደ ደረቀ ቅል ጮኸ። ጎረቤቱን መታሁ፤ ድንጋይ ነው። ሁሉንም እየዞርኩ መታሁ። ሦስቱ ቅል ሆኑ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሦስቱም የተሞሉት ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው።

ዳዊት አልዋሸኝም። "እህቴ፣ ቅዳሜ ሚስቴ ከገዘር ወርዳ ገበያ ትጠብቀኛለች። ሁሉም ሰው ይቸኩላል። ከላይ አንዴ ደፋን፣ ወጋሁ።"

"ከሥሩስ?"

"ዘንጉ አይደርስም።"

"ማን ለሰነው?"

"የእኛ አለቃ፣ ካቦው። ቀዳዳውን አይቶ ደፈነ።"

ሰኞ ሶሌታው በእነዚያ ምሰሶዎች ላይ ሊሞላ ነው። ቀጥታ ጋሽ ታደለ ጋ ሄድኩ።

"ሦስት ምሰሶ ይፍረስ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው።"

"አንቺ ልጅ! ለአብዮት በዓል ይመረቃል ተብሏል። አውራጃውን ምን ልበለው? መዝጋቢያችን መዶሻ አነሳች ልበል?"

"እንደዚያ ይበሉ። አንዱን ይስበሩልኝ። ሙሉ ከሆነ ደብተሩን አስረክቤ ዛሬውኑ ቀይ አፈር ከተማ እናቴ ጋ እገባለሁ።"

ሳቁ። "ይህን ለማየትማ ራሴ እመታለሁ።"

መሮውን ደግነው ሦስት ጊዜ መቱ። ልስኑ እንደ ቅርፊት ወደቀ። ከኋላው ጠጠር በጠጠር ላይ ተቀምጧል፤ መሀሉ ሲሚንቶ የለም። ጋሽ ታደለ እጃቸውን ከተቱ። እስከ አንጓቸው ገባና ፌሮውን ጨበጡ። እጃቸውን ቶሎ አላወጡም።

"ካቦውን ጥሩልኝ። ሰኞ ሶሌታ የለም" አሉ።

ማፍረሱና መሙላቱ ሦስት ሳምንት በላ፤ በዓሉም አለፈን። የአውራጃው ሰው ሊቆጣ ሲመጣ ጋሽ ታደለ "እኔ ነኝ ያስፈረስኩት" አሉ። የእኔን ስም አላነሱም። እኔንም ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሉኝም። ሰላም ያሉኝ ዕለት "ዛሬስ ቅል ነሽ ድንጋይ?" ብለው ነው።

"ድንጋይ።"

ምሰሶ መሙላቱን ወደ ረቡዕ አዛወርነው። ዳዊት ክንድ በክንድ ወጋ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ቆጠርኩ።

ምሰሶ የምትሞሉበት ቀን የሠራተኛው ልብ ሌላ ቦታ የማይሆንበት ቀን ይሁን። ተለስኖ ያገኛችሁትን ምሰሶ ደግሞ ሳትመቱ ሶሌታ አትጫኑበት።