ጫማዬ ውስጥ የተገኘው ፌኒግ

የልጅ ልጄ ሊያ ሰሞኑን የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ጀምራለች። ጥያቄዋ አያልቅም፤ ይሄ ሳንቲም ለምን ቀይ ሆነ? ከዩሮ በፊት የነበረው የጀርመን ሳንቲም፣ ፌኒግ፣ ዛሬ ስንት ያወጣል? ኢንተርኔት ላይ አንዱ በሺህ ዩሮ ተሸጠ የሚል አይታ ዓይኗ ፈጧል። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፤ ብርቅዬው ጥቂት ነው፣ የቀረውን ባንክ ወስደሽ ብታስመነዝሪ ሁለቱ ፌኒግ አንድ የዩሮ ሳንቲም ገደማ ቢሆን ነው። «ይኸው ብቻ?» አለችኝ በጀርመንኛ፣ ቅር ብሏት።

እኔን ግን አንድ ፌኒግ እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል።

ፍራንክፈርት ገና አዲስ ሳለሁ ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር፣ ከማይን ወንዝ አጠገብ፣ ፍራው ሄልጋ የሚባሉ ባልቴት ቤት አጸዳ ነበር። ላገባ ደርሼ ስለነበር ያ ሥራ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ጊዜው ጸደይ ነበር። ሴትዮዋ ድንችና እንቁላል ቀቅለው ከቅጠላ ቅጠል የሚሠራውን የፍራንክፈርት አረንጓዴ ሶስ አፍስሰውበት ያበሉኛል። መጀመሪያ ሳር የበላሁ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሳህኑን በዳቦ እስክጠርግ ወደድኩት።

አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ በር ላይ ያወለቅሁትን ጫማ ሳጠልቅ እግሬን የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ባየው አንድ ፌኒግ። ክው አልኩ! ሠራተኛን በሳንቲም መፈተን እኛ አገር ያለ ነገር ነው፤ ግን ምንጣፍ ሥር እንጂ ጫማ ውስጥ? ይህማ ሌባ ሊሉኝ ነው አልኩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። በሳምንቱ ጫማዬን ሳነሳ ያው ፌኒግ እዚያው! በድንጋጤ ጨብጬው ቤቴ ገባሁ።

ጋሉስ ሰፈር አብሬያቸው ለምኖረው ለአገሬ ሰው ለወይዘሮ አስካለ ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ። «ልጄ፣ ፖሊስ ሳይጠሩብሽ የቤታቸውን ቁልፍ መልሺላቸው! ስምሽ አንዴ ከጠፋ ማን ያምንሻል?»

በማግስቱ በትራም ሄድኩ። ቁልፉንና ፌኒጉን እጃቸው ላይ አድርጌ፣ በዚያ ስብርባሪ ጀርመንኛዬ «እኔ ሌባ አይደለሁም» ስላቸው እንባዬ ቀደመኝ።

ፍራው ሄልጋ ግራ ገባቸው። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «አገባለሁ አላልሽኝም? እኛ ዘንድ ፌኒግ ዕድል ነው። ሙሽራ ጫማዋ ውስጥ ታደርገዋለች፣ ቤቷ እንዳይጎድልባት። ጠረጴዛው ላይ ሳገኘው ረስተሽው የሄድሽ መስሎኝ መልሼ ከተትኩት። እናትሽ ሩቅ ስለሆኑ እኔ ላድርግልሽ ብዬ ነው።»

ቁልፉን መልሰው አስጨበጡኝ። እንዴት ደስ አለኝ! አቅፌ ሳምኳቸው። በሰርጌ ቀን ፌኒጉ ተረከዜን እየቆረቆረኝ ጨፈርኩ፤ እሳቸውም ከፊት ወንበር ያጨበጭቡ ነበር።

ሊያ ይህን ሰምታ ስታበቃ «ግን ሌባ ይሉኛል ብለሽ ለምን አሰብሽ?» አለችኝ። ይሄኛው ጥያቄ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አዲስ አበባ፣ ዘነቡ የምትባል አሳዳጊዬም ሠራተኛችንም ነበረች። እናቴ አልጋ ሥር ስሙኒ እየጣለች ትፈትናት ነበር። ዘነቡ ሁሌ አንስታ ትመልሳለች፤ እኛም ታማኝ ናት ብለን ደስ ይለናል። በፍቅር የተሰጠኝን እንኳ እንደ ወጥመድ ማየትን ከገዛ ቤታችን ተምሬው ኖሯል።

ሊያ ስትወጣ ዛሬም አዲስ አበባ ላለችው ዘነቡ ደውዬ ሁሉንም አጫወትኳት። እንደ ልማዷ ሳቀች።

«እኔማ እናትሽ ሲጥሉት አያቸው ነበር እኮ» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ፣ ዘነቡ ውሰጂው ቢሉኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ!»